ጣይና ወዳቂ፦ የብሩኖ ሙሶሊኒ ሞት፣ የሃርጌሳው ሚግ እና የአየር ጦርነት ዐረፍተ ነገር

1. መነሻ

በሃርጌሳ ከተማ መሃል አንድ ሚግ 17 የጦር አውሮፕላን በግንብ መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሐውልቱ የሶማሊያ መንግሥት አየር ኃይል በ1988 ከተማዋን በደበደበ ጊዜ ላለቁት ሰዎች የቆመ መታሰቢያ ነው። በመቆሚያው ግንብ ላይ የሞቱና የቆሰሉ ሰዎች ተሥለዋል። አውሮፕላኑን ያበረረው ሰው ስም ግን የለም።

ከዚያ ድብደባ 47 ዓመት አስቀድሞ፣ በኦገስት 7 ቀን 1941፣ ብሩኖ ሙሶሊኒ በኢጣሊያ ፒሳ አጠገብ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲያበርር ወድቆ ሞተ። በረራው የውጊያ በረራ አልነበረም። አባቱ ቤኒቶ ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት «ከብሩኖ ጋር እናገራለሁ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን የመታሰቢያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህኛው መታሰቢያ አብራሪው ስምም ታሪክም አለው። ከስድስት ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሲበር ከበታቹ የነበሩት ሰዎች ግን የመታሰቢያው አካል አይደሉም።

ሁለቱ መታሰቢያዎች በዓላማም በሞራል ክብደትም አይተካከሉም። አንደኛው የተበዳዮች ነው፤ ሁለተኛው የወራሪ መሪ ለልጁ ያቆመው ነው። እንደ ንግግር ሲነበቡ ግን ሁለቱም ያልተሟሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። በአንደኛው ተሳቢው አለ፣ ባለቤቱ የለም፤ በሁለተኛው ባለቤቱ አለ፣ ተሳቢው የለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ስለ አየር ጦርነት ሙታን በአማርኛ የሚጻፈው ጽሑፍ ይህን ጉድለት በሰዋስው ምርጫው ወይ ይሸፍነዋል ወይ ይገልጠዋል፤ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ የሚደረግ ትርጉም ደግሞ ጉድለቱን ሳያስበው ሊያሰፋው ይችላል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሶማሊኛ ቃላት በፊደል ሲጻፉ ሕ እና ዕ በትግርኛ እንዳላቸው ዓይነት የጉሮሮ ድምፅ ይነበባሉ፤ ዻ የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣውን ድምፅ ያመለክታል፤ የአናባቢ ርዝመት አልተመለከተም።

2. «ወደቀ» እና «ጣለ»

«ወደቀ» ተሳቢ የማይሻ ግሥ ነው። ድንጋይ ይወድቃል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ተማሪ ፈተና ይወድቃል፣ ወታደር በጦር ሜዳ ይወድቃል፣ አውሮፕላንም ይወድቃል። ከእነዚህ ፍቺዎች ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የሚገጥሙት በልምምድ ወይም በሙከራ በረራ ለሚሞት የጦር አውሮፕላን ባልደረባ ነው። አውሮፕላኑ ወድቋል፤ ሰውየው በጦርነት ዘመን የወታደር ልብስ ለብሶ ወድቋል፤ በረራው መፈተኛ ስለ ነበረም ፈተናውን ወድቋል። «ወደቀ» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ከሦስቱ የትኛውን እንዳሰበ አንባቢው የሚያውቀው ከዐውዱ ብቻ ነው።

የዚህ ግሥ አድራጊ በመደበኛው አማርኛ ከራሱ ሥር አይወጣም። «በላ» «አበላ»ን፣ «ወጣ» «አወጣ»ን ሲሰጥ፣ ለ«ወደቀ» ጥንድ የሚሆነው ከሌላ ሥር የመጣው «ጣለ» ነው። የአየር ጦርነት አማርኛ በዚህ ጥንድ ላይ ቆሟል። አውሮፕላኑ «ቦምብ ጣይ» ይባላል፤ ቦምብ ሲጥል ቦምቡ ይወድቃል፤ በመሬት ያለው ተኳሽ አውሮፕላኑን መትቶ ሲጥለው አውሮፕላኑ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ወዳቂ አንድ ጣይ አለው። የልምምድ በረራ አደጋ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ጣዩ ራሱ ይወድቃል፤ እርሱን የጣለ ግን የለም።

ሶማሊኛ በቋንቋ ቤተሰብ ኩሻዊ ይሁን እንጂ በዚህ ነጥብ ከአማርኛ ጋር ተቀራርቦ ይገኛል። «ዻዕ» መውደቅ ነው፤ ፈተና መውደቅም በእርሱ ይነገራል፤ ከዚህም አልፎ «ሆነ፣ ተከሠተ» የሚል ፍቺ ስላለው «ድርጊት፣ ክሥተት» ማለት የሆነው «ዻዕዶ» ከእርሱ ይወጣል። አውሮፕላን መትቶ መጣል ግን ከሌላ ሥር በሆነው «ሪድ» ይነገራል። ሁለቱም ቋንቋዎች መውደቅንና መጣልን በሁለት ሥር ለይተው ይዘዋል።

ተመሳሳይነቱ በአብራሪው ስያሜ ላይ ይጠነክራል። «አብራሪ» የወጣው ከ«በረረ» ሳይሆን በ«አ-» አድራጊ ከሆነው «አበረረ» ነው። በአማርኛ ሰዋስው የሚበረው አውሮፕላኑ ነው፤ ሰውየው እንዲበር የሚያደርገው ነው። ሶማሊኛም «ዱል» ከሚለው «በረረ» በቅጥያ «ዱሊ»ን፣ «አበረረ»ን፣ ያወጣና ከዚያ «ዱሊዬ» ብሎ አብራሪውን ይሰይማል። አንዱ በቅድመ ግንድ፣ ሌላው በድኅረ ግንድ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች አብራሪን አድራጊ አድርገው አስቀምጠውታል። በሁለቱም ሥሮች አጠገብ ሌላ ነገር አለ። ከአማርኛው ሥር «አባረረ» ይወጣል፤ ከሶማሊኛው ሥር ደግሞ ዘመቻና ወረራ ማለት የሆነው «ዱላን» ይወጣል። ማብረርና ማባረር፣ መብረርና መዝመት፣ በሥር ደረጃ ጎረቤቶች ናቸው።

3. የብሩኖ ሙሶሊኒ ጉዳይ

ብሩኖ ሙሶሊኒ በ1918 ተወለደ። ኢጣሊያ በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ስትወር የ17 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ከታላቅ ወንድሙ ከቪቶሪዮ ጋር በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዘመተ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ ደሴ በአየር ተደበደበች፤ በሚቀጥሉት ወራት ከቦምቡ ጋር የመርዝ ጋዝ ወረደ። ቪቶሪዮ በ1937 ያሳተመው የጦርነት ማስታወሻ ርእስ «በአምባዎች ላይ የተደረጉ በረራዎች» የሚል ትርጉም አለው። የኢጣሊያንኛው ርእስ የአማርኛውን «አምባ» በኢጣሊያንኛ ብዙ ቁጥር አርብቶ ይዞታል። የተራራው ስም ወደ ወራሪው ቋንቋ ገብቶ ሰዋስው ተበጅቶለታል። በርእሱ ውስጥ ከበራሪው በታች የሚታየው ግን መልክዓ ምድር እንጂ ሰው አይደለም።

በ1941 ብሩኖ ፒያጆ ፒ 108 የተባለውን ባለ አራት ሞተር ከባድ ቦምብ ጣይ ለጦርነት ለማሰናዳት በተቋቋመ ክፍል ውስጥ አዛዥ ነበረ። ኦገስት 7 ቀን በሙከራ በረራ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ፒሳ አጠገብ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ ከአንድ ቤት ጋር ተጋጨና ተከሰከሰ። ብሩኖ በ23 ዓመቱ ሞተ፤ ከእርሱ ጋር ሌሎች ሁለት የበረራ ባልደረቦች ሞቱ። የአባቱ መጽሐፍ ርእስ የአንዱን ስም ብቻ ይዟል፤ ሁለቱ ከተሳቢዎቹ ሳይሆን ከባለቤቶቹ ወገን ሆነውም ከርእሱ ውጭ ቀርተዋል።

የኢጣሊያንኛው የመታሰቢያ ቋንቋ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞት የተዘጋጀ መንገድ ነበረው። በኢጣሊያንኛ የጦርነት ሙታን በጠቅላላው «የወደቁት» ይባላሉ፤ ቃሉ ከተራው «መውደቅ» የተገኘ ነው። ስለዚህ በአደጋ የወደቀ አውሮፕላን ውስጥ የነበረን ሰው «ከወደቁት» መካከል ለመቁጠር አዲስ ቃል አላስፈለገም። የአደጋው መውደቅ በግሡ ውስጥ አልፎ የጀግንነት መውደቅ ሆነ። ጣይ የሌለው መውደቅ ጣይ ያለው መስሎ ታየ።

አማርኛም ይህን መሻገሪያ ያውቀዋል። «በጦር ሜዳ የወደቁ» የሚለው አነጋገር በሐውልትና በበዓል ንግግር ውስጥ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ ጸሐፊዎች ክብር ለመስጠት ሲፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ወደቀ» ይልቅ «ተሠዋ»ን ይመርጣሉ። «ተሠዋ» ግን በፍቺው መሥዋዕቱን ተቀባይ ይሻል፤ ለአገር፣ ለነጻነት፣ ለሃይማኖት ይባላል። በልምምድ በረራ ለሞተ ሰው «ተሠዋ» ሲባል ተቀባዩ በግድ ይጨመራል። ለአውሮፕላኑ የሚነገረው «ተከሰከሰ» በበኩሉ ከሰው ጋር አይሄድም። በዚህ ሁኔታ አማርኛው አደጋውን በሁለት ግሥ ይከፍለዋል፦ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፣ ሰውየው ተሠዋ። ብረቱ የአደጋውን ግሥ፣ ሰውየው የጀግንነቱን ግሥ ይወስዳሉ። «ወደቀ» ግን ሁለቱን በአንድነት ይይዛል፤ የዚህ ግሥ ጥቅም ለብረቱም ለሰውየውም እኩል መሆኑ ነው።

4. መቅሠፍት እንደ ባለቤት

ብሩኖን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የሚቀርበው ፈተና ከ«ተሠዋ» በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በኢትዮጵያ ላይ ቦምብ የጣለ ሰው ራሱ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጋር ወድቆ ሞተ ሲባል፣ አማርኛ የተዘጋጁ አነጋገሮችን ያቀርባል፦ ተቀሠፈ፣ የእጁን አገኘ፣ የደሃ እንባ ጣለው። እነዚህ አነጋገሮች ሰዋስዋዊ ሥራ አላቸው። «ተቀሠፈ» ቀሣፊ አለው፣ እርሱም እግዚአብሔር ነው። «የእጁን አገኘ» ወዳቂውን የራሱ መውደቅ ምንጭ ያደርገዋል። «የደሃ እንባ ጣለው» ደግሞ ተሳቢ የነበሩትን ወደ ባለቤትነት ያመጣቸዋል፤ በሰማይ የጣለባቸውን እነርሱ በተራቸው ጣሉት ማለት ነው። ጣይ የሌለው መውደቅ በሦስት መንገድ ጣይ ያገኛል።

የእነዚህ አነጋገሮች ኃይል መካድ የለበትም። መሣሪያ ያልነበረው ሕዝብ በቋንቋው ያቆየው የፍትሕ ተስፋ ነው። በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ሲገቡ ግን ዋጋ ያስከፍላሉ። መቅሠፍት ሒሳብን ይዘጋል፤ የተቀሠፈ ሰው ተፈርዶበታል ማለት ነውና። የኢትዮጵያ ሒሳብ ግን አልተዘጋም። በመርዝ ጋዝና በአየር ድብደባ የተጠየቁት የኢጣሊያ የጦር ወንጀለኞች እንዲዳኙ ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ችሎት ሳያገኝ ቀርቷል። ፒሳ ላይ የሆነው ነገር ዝቅ ብሎ የበረረ አውሮፕላን ከቤት ጋር መጋጨቱ ነው፤ በደሴ ሰዎች ስም የተሰጠ ፍርድ አይደለም። «ተቀሠፈ» የሚለው ግሥ በአንባቢው ልቡና ውስጥ ያልተሰጠውን ፍርድ የተሰጠ ያስመስለዋል።

ስለዚህ «ተሠዋ» እና «ተቀሠፈ» ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱም ባዶውን ቦታ ይሞላሉ፤ አንዱ በአገር፣ ሌላው በእግዚአብሔር። ባዶ ሆኖ መታየት የነበረበት ቦታ ሲሞላ፣ ከዚያ ቦታ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አብሮ ይጠፋል።

5. ከአያሃ ወደ ሐውልቱ

በሃርጌሳ የጠፋው በተቃራኒው ወገን ያለው ነው። በኤፕሪል 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ የሰላም ስምምነት ካደረጉ በኋላ፣ የኢትዮጵያን መሬት መነሻው አድርጎ ይንቀሳቀስ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ግንቦት ሲያልቅ፣ በሜይ 27 ቡርዖን፣ በሜይ 31 ሃርጌሳን አጠቃ። መንግሥቱ የመለሰው በመድፍና በአየር ድብደባ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሃርጌሳ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደብድበው ወደዚያው ይመለሱ ነበር። የከተማው አብዛኛው ክፍል ፈረሰ። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሐርትሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈረ። አፍሪካ ዋች በ1990 ያወጣው «መንግሥት በገዛ ሕዝቡ ላይ ሲዋጋ» የሚል ትርጉም ያለው ዘገባ የተሠራው በአመዛኙ በእነዚህ ስደተኞች ምስክርነት ነው።

ከ1991 በኋላ ከስደት የተመለሰው ሕዝብና በከተማው ውስጥ መጠለያ ያጣው ሲበዛ ሃርጌሳ ወደ ዳር ሰፋች። አያሃ ከእነዚህ የዳርቻ ሰፈሮች አንዱ ነው። ስሙ በአማርኛ ጽሕፈት አያሃ ቢባልም በሶማሊኛ የሚጻፈው በጉሮሮው ሕ ነው፤ በዚህ መልኩም «አያሕ»፣ አንበጣ፣ ከሚለው ቃል ከነመስተአምሩ ጋር ቅርጹ አንድ ይሆናል። መስተአምሩ ከሌላ ተነባቢ በኋላ «ካ» ሲሆን ከጉሮሮ ድምፅ በኋላ ተነባቢውን ጥሎ በአናባቢው ብቻ ይቀራል። አማርኛው የጉሮሮውን ድምፅ ሲያለዝብ ይህ ሁሉ ከዐይን ይሰወራል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የትርጉም ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚጀምረው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

ከዚህ ዳርቻ ወደ መሃል ሲመጣ የሚገኘው ሚግ ደግሞ ሌላ የንባብ ችግር አለው። የጦር አውሮፕላንን በግንብ ላይ መስቀል በዓለም ዙሪያ የአየር ኃይሎች ልማድ ነው፤ በጦር ሰፈር በር ላይ የሚሰቀል አውሮፕላን «ይህ የእኛ ኃይል ነው» ይላል። የሃርጌሳው ሐውልት ይህንኑ ቅርጽ ወስዶ ፍቺውን ገልብጦታል። መቆሚያው የክብር ነው፤ የተቀመጠው ግን ውዳቂ ነው፤ በአማርኛ የተሰባበረ ብረትም ከዚሁ ከ«ወደቀ» ወጥቶ «ውዳቂ» እንደሚባለው። ግልበጣውን የሚያስረዱት ከሥር ያሉት ሥዕሎች ናቸው። አውሮፕላኑን ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግን ፍቺውን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፤ ሐውልቱን የማያውቅ ተመልካች የድል መታሰቢያ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ይህ የሐውልቱ ደካማ ጎን ነው። ጠንካራ ጎኑ አውሮፕላኑን አለመደበቁ ነው። ለንደን ውስጥ በጁን 2012 የተመረቀው የብሪታንያ ቦምብ ጣይ ኃይል መታሰቢያ ሰባት የነሐስ የበረራ ባልደረቦችን ያሳያል፤ አውሮፕላን በመካከላቸው የለም። አንድ በቤልጅየም ላይ ተመትቶ የወደቀ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ ብረቱ ቀልጦ በጣሪያው ውስጥ ገብቷል፤ አውሮፕላኑ አለ፣ አውሮፕላን ሆኖ ግን አይታይም። የለንደኑ ሐውልት በጽሑፉ በድብደባው የሞቱትን የሌሎች አገሮች ሰዎች ጭምር እንደሚያስታውስ ይገልጻል፤ በቅርጹ ግን የሚያሳየው ባለቤቶቹን ብቻ ነው። በሃርጌሳ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ በለንደን አውሮፕላን አልባ ሰዎች። ሁለቱ ከተሞች ግማሽ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ይዘዋል።

6. «ላ» እና «ተ-»

የሃርጌሳው ሐውልት የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ሰዋስው ነው ቢባል፣ መልሱ በሶማሊኛው መንገድ ነው። ሶማሊኛ የአማርኛውን «ተ-» የመሰለ፣ አድራጊውን በመስተዋድድ እንዲያስከትል የሚፈቅድ ተደራጊ የለውም። አድራጊው ሳይጠራ ሲቀር «ላ» የሚል ስም የለሽ የባለቤት ምዕላድ ይገባና ግሡ በአድራጊነቱ ይቆያል። «ሃርጌሳ ተደበደበች» የሚለውን ሐሳብ ሶማሊኛ «ሃርጌይሳ ዋ ላ ዱቄዬይ» ይለዋል፤ ቃል በቃል «ሃርጌሳን (ማንም ይሁን) ደበደበ» እንደ ማለት ነው። አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ ሲባልም «ላ» ከ«ሪድ» ጋር ይገባል። በዚህ ሰዋስው ስም አይነገርም፤ የስሙ ቦታ ግን አይዘጋም። አንድ ሰው ማድረጉ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ይመሰከራል።

የአማርኛው «ተደበደበች» ሌላ ነው። ተሳቢውን ወደ ባለቤትነት ያነሣና የአድራጊውን ቦታ ይሽራል። ከፈለገ «በ-» ጨምሮ ሊመልሰው ይችላል፤ ነገር ግን «በ-» ለመሣሪያም ለአድራጊም አንድ ነው። «ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች» ሲባል አድራጊው ይገባበት የነበረውን ቦታ መሣሪያው ይይዘዋል፤ ዐረፍተ ነገሩም የተሟላ ስለሚመስል አንባቢ «ማን?» ብሎ አይጠይቅም። ሐውልቱን በአማርኛ የሚያነበው ሰው ሚጉን እንደ «በአውሮፕላን» ያየዋል። በሶማሊኛ የሚያነበው ግን እንደ «ላ» ሊያየው ይችላል፦ ያልተጠራ፣ ግን ቦታው የተያዘለት አድራጊ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ጉዳይ የምስክርነት ትርጉም ነው። ስለ 1988 በሶማሊኛ የሚነገር ምስክርነት በ«ላ» የተሞላ መሆኑ ከቋንቋው ጠባይ የሚጠበቅ ነው፤ ተኩሶ የሚገድልን፣ ከሰማይ የሚጥልን ሰው በስም ማወቅ ለተመቺው አይቻለውምና። ተርጓሚው እያንዳንዱን «ላ» በ«ተ-» ሲመልስ፣ ተገደሉ፣ ተደበደቡ፣ ተባረሩ እያለ ይሄዳል። ውጤቱ መዓት የወረደበት ሕዝብ ታሪክ ይሆናል፤ ድርቅና ጎርፍ በሚተረኩበት አነጋገር። ምስክሩ የተናገረው ግን ሰዎች ያደረጉትን ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ሌላ መንገድ አለው። ያልተወሰነ ሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር፣ «ገደሉት»፣ «ደበደቧት»፣ «አባረሩን»፣ ስም ሳይጠራ አድራጊውን ያቆያል። ብዙ ቁጥር መሆኑ ከ«ላ» ጋር ፍጹም አያስተካክለውም፤ «ላ» ቁጥር የለውምና። ነገር ግን ከ«ተ-» ይልቅ ለመነሻው የቀረበ ነው። «በረሩ፣ ጣሉብን፣ ተመለሱ፣ ዳግም ጣሉብን» የሚል አማርኛ፣ አውሮፕላኖቹ ከከተማዋ አየር ማረፊያ ተነሥተው ወደዚያው መመለሳቸውን፣ ማለትም ደብዳቢው የገዛ አገር መንግሥት መሆኑን፣ በግሦቹ ቅደም ተከተል ብቻ ያስረዳል። የስሙ ቦታ ክፍት ሲቆይ ስሙ የሚገባበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትርና ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሐመድ ዓሊ ሰመተር በአሜሪካ ቨርጂኒያ በፍትሐ ብሔር ተከሰው፣ ፍርድ ቤቱ በ2012 ለከሳሾቹ 21 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ሲወስን፣ ከብዙዎቹ «ላ» አንዱ ስም አገኘ።

7. አብራሪ ሁሉ ጣይ አይደለም

አሁን ወደ ልምምድ በረራው መመለስ ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ቦምብ ጣይ ኃይል ውስጥ ከበረሩት 125,000 ያህል ባልደረቦች 55,573ቱ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከ8,000 በላይ የሚሆኑት የሞቱት በልምምድና ከውጊያ ውጭ በሆኑ በረራዎች ነው። ልምድ የሌላቸው ወጣቶች፣ ከውጊያ የተመለሱ ያረጁ አውሮፕላኖች፣ የሌሊት በረራና የክረምት ደመና ተደማምረው የገደሏቸው ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሰው ላይ ቦምብ ሳይጥሉ ሞተዋል። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ፤ ጣይ ግን አልሆኑም። የልምምድ በረራ በሰዋስው ሲታይ ተሳቢ የሌለው «መጣል» ነው፤ ግሡ ይለማመዳል፣ የሚወድቅበት ሰው ግን ገና የለም።

የብሩኖ ሞት ከእነዚህ ጋር በአንድ ረድፍ የሚቀመጠው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የመጨረሻ በረራው ተሳቢ አልነበረውም፤ የቀደሙት በረራዎቹ ግን ነበሯቸው። «በልምምድ በረራ የሞተ የቦምብ ጣይ ባልደረባ» የሚለው መጠሪያ ሁለቱን ሰዎች፣ ጥሎ የማያውቀውንና ጥሎ የተመለሰውን፣ በአንድ ስም ይጠራል። ፍትሐዊ መታሰቢያ የሚጀምረው ይህን መጠሪያ በመበተን ነው።

ሃርጌሳ ለዚህ መለያየት የራሷ ምሳሌ አላት። የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው አሕመድ መሐመድ ሐሰን በ1988 ከተማዋን እንዲደበድብ ሲታዘዝ ሚግ 17 አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሄደ። አበረረ፤ አልጣለም። ሰልጣኙን ከጣይነት ያስቀረው ሞቱ ነው፤ አሕመድን ግን ምርጫው ነው። አማርኛ «አብራሪ» እና «ጣይ» የሚሉ ሁለት ቃላት ያሉት ለዚህ መለያ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ የሚጽፍ ጽሑፍ እምቢ ያለውን ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ በሐውልቱ ላይ የአብራሪው አለመኖር ሁለት ሰዎችን ይሰውራል። የጣለው ከተጠያቂነት ይሰወራል፤ ያልጣለውም በዚያው ቦታ አብሮ ይሰወራል።

8. ማጠቃለያ

በጽሑፉ የተነሡት ነጥቦች ለአማርኛ ጸሐፊ፣ ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሦስት ነገር ያመለክታሉ። አንደኛ፣ በልምምድ በረራ ለሞተ የጦር አውሮፕላን ባልደረባ «ወደቀ» ወይም «ሞተ» ይበቃል፤ «ተሠዋ»ም ሆነ «ተቀሠፈ» ጸሐፊው ተቀባዩን ወይም ቀሣፊውን በስም ለመጥራት ዝግጁ ካልሆነ በቀር ባይገቡ ይመረጣል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም «ወደቀ» ሥር የጦር ሜዳውን፣ የአውሮፕላኑንና የፈተናውን ፍቺ ለየብቻ ሲያስቀምጥ፣ ጥንዱ «ጣለ» ከየትኛው ጋር እንደሚሄድና ከየትኛው ጋር እንደማይሄድ አብሮ ማሳየት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የሶማሊኛው «ላ» በምስክርነት ትርጉም ውስጥ በ«ተ-» ሳይሆን በተቻለ መጠን በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ይመለስ። ሦስተኛ፣ «በአውሮፕላን ተደበደበ» የሚለው አነጋገር ሲገባ፣ አድራጊው በታወቀበት ሁሉ «የሶማሊያ መንግሥት አየር ኃይል» ወይም «የኢጣሊያ አየር ኃይል» ተብሎ ከመሣሪያው ተለይቶ ይጠራ።

በአማርኛ ሰዋስው «ባለቤት» የሚለው ቃል ከቤት የመጣ ነው። በደሴና በሃርጌሳ የቤት ባለቤቶች የነበሩት ሰዎች በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ ሆኑ፤ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤቶች በአንዱ መታሰቢያ በስም ከበሩ፣ በሌላው ያለ ስም ቀሩ። የአየር ጦርነት ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ጣዩም የተጣለበትም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በየስማቸው ሲገቡ ነው። ስም እስኪገኝ ድረስ ቋንቋው ሊያደርገው የሚችለው ቦታውን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ሶማሊኛ ይህን በ«ላ» ያደርገዋል፣ አማርኛም የሚያደርግበት መንገድ አለው።